ሁለተኛ ጫነው

በ2016 የገና ሰሞን ነው። የምሠራው ውጭ ያለ ሰው አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦቹ በግ፣ ዶሮና ኬክ የሚያዝበት የኦንላይን ሱቅ ውስጥ ነበር። የእኔ ድርሻ ኢሜይል መላክ ነው። በበዓል ሰሞን ኢሜይሉ ካልሠራ በጉም ሳይሸጥ ቆሞ ይከርማል።

የመጀመሪያው ኢሜይል ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ ሊንኩን የሚጫነው ሰው ቀነሰ። ሦስተኛውን ለሙከራ ከፈትኳቸው የራሴ ጂሜይሎች አንዱ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ስፓም ውስጥ ተኝቷል። ጎግል የላክነው ኢሜይል ጂሜይል ላይ ምን እንደገጠመው የሚያሳይበትን ፖስትማስተር የሚባል ገጽ ብከፍት የቅሬታው፣ ማለትም «ስፓም ነው» ያሉት ሰዎች፣ ቁጥር 0.3 በመቶን አልፏል። ከሺህ ሰው ሦስት ማለት ነው፤ ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም። ጎግል ግን ከ0.1 በታች ሁኑ፣ 0.3 እንዳትደርሱ ነው የሚለው። ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት በሚልኩ ላይ ሊያጠብቅ መሆኑንም አስታውቆ ነበር። እኛ ሳይጀምር ቀድመን ደረስንለት።

አለቃዬ ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። «ርዕሱ ላይ ‹ቅናሽ› ብለሽ ነው» አሉኝ። ርዕሱን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ይሁን።

በማግስቱ ከሜሪላንድ ተደወለ። በየበዓሉ ለእህታቸው በግ የሚልኩ ትልቅ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ተጠለፋችሁ እንዴ?»

«ኧረ አልተጠለፍንም፣ እናቴ። ምን አዩ?»

«መጀመሪያ ኬኩን ስጫን ደህና ወጣ። ተመልሼ በጉን ስጫን ቀይ ምልክት አወጣብኝ። ሌባ መረጃሽን ሊሰርቅሽ ይችላል ይላል።»

«ግድ የለም ልግባ የሚል የለውም?»

«የለውም። ተመለሺ ብቻ ነው የሚለው። በቃ አይላኩልኝ ብዬ ታች ያለውን መሰረዣ ብጫን እሱም ያው ቀይ። ምን ላድርግ? ስፓም አልኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ስፓም ብሎ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ከላይ ከስማችን አጠገብ ጂሜይል ራሱ የሚያስቀምጠው መሰረዣ አለ እኮ» አልኳቸው።

«የታለ?» መነጽር ፍለጋ ሄዱ። መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። «ይቺ? ይቺን ማን ያያታል ልጄ!»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ደንበኛ ከእኛ የሚያመልጥበትን መንገድ ሳስተምር እንደቆየሁ የገባኝ።

ድረ ገጹን የሚሠራልን ልጅ ጋ ሄድኩ። ነገርኩት። «ለእኔ ይከፍታል» አለኝ። በዚህች ቃል ስንት ቢሮ ተጣልቷል! ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ አዲስ ፕራይቬት መስኮት፣ ያለፈውን የማያስታውሰውን፣ ከፈተና ሊንኩን ጫነ። በጉ ወጣ፣ ከነዋጋው።

«አየሽ?»

«ተመለስና ሁለተኛ ጫነው።»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ጫነው።»

ጫነው። ቀይ።

ትንሽ ዝም አለና «ኦ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም ያቺን «ኦ» እንደ ደመወዝ ጭማሪ ተቀበልኳት።

የሆነው ይሄ ነው። ልጁ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በፊት ዋናው ዶሜይን (የድረ ገጻችን አድራሻ) ላይ ኤችኤስቲኤስ የሚባለውን አብርቶ ነበር። ገጹ ብሮውዘሩን ያስምለዋል፤ «ለአንድ ዓመት በኤችቲቲፒኤስ፣ ጫፉ ላይ ኤስ ባለው በተቆለፈው መንገድ፣ ካልሆነ እኔ ጋ እንዳትመጣ፣ በስሜ ሥር ያሉት ልጆቼም ጋ እንደዚያው።» ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ከልጆቹ አንዱ የእኔ መሆኑ ነው። ኢሜይሌ ውስጥ ያለ ሊንክ ሁሉ፣ መሰረዣው ሳይቀር፣ ማን እንደጫነ ለመቁጠር በአንድ ንዑስ ዶሜይን፣ ማለትም በዋናው አድራሻ ሥር ባለ ሌላ አድራሻ፣ በኩል ኤስ በሌለው መንገድ ያልፋል። ያ ንዑስ ዶሜይን ሲኔም በሚባል የአድራሻ ማዞሪያ ወደ ኢሜይል መላኪያው ሰርቨር የተመራ ነው። በኤችቲቲፒኤስ ሲጠየቅ የመላኪያውን ሰርተፍኬት (የድረ ገጽ መታወቂያ) ያወጣል፤ የእኛ ስም የለበትም። በሌላ ሰው መታወቂያ ባንክ እንደመሄድ ነው። አዲስ ሰው መሐላውን ስላልሰማ ኤስ በሌለው መንገድ አንዴ ያልፋል። ገጻችንን አንዴ ያየ ግን በሩ ላይ ይቀራል። በሌላ አነጋገር፣ በር የዘጋነው በየበዓሉ በሚያዙት ደንበኞቻችን ላይ ነው።

ማስተካከያው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። መላኪያው ላይ ለራሳችን ንዑስ ዶሜይን ሰርተፍኬት የሚያወጣ ምርጫ አለ። መጀመሪያ ስንመዘገብ «በኋላ» ብዬ ያለፍኩት እሱን ነው። ኢንቦክስ ለመመለስ ግን ጥምቀትም አለፈን።

አለቃዬ ከዚያ ወዲህ «ሊንክ ላይ ኤስ ከሌለ ስፓም ይገባል» የሚል ሕግ አወጡ። ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አልተከራከርኩም። ግን ሊንክ ላይ ኤስ ስላለ፣ መንገዱ ስለተቆለፈ ብሎ ኢንቦክስ የሚያስገባ ማንም የለም። ሰርተፍኬት እኮ ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባል ድርጅት በነፃ ይገኛል፤ አጭበርባሪውም አለው። እኛን ስፓም የከተተን፣ መውጫ ያጡ ሰዎች ያገኙትን ቁልፍ መጫናቸው ነው። ይሄ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ይረዝማል።

ልጁን በስብሰባ መሀል «እንዲህ ያለ ነገር ሳትነግረን ትቀይራለህ?» ብዬው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ጨዋ ልጅ ነው።

ወር ያህል ቆይቼ ሌላ ነገር ስፈልግ ኢንቦክሴ ውስጥ የእሱን ኢሜይል አገኘሁ። «በዶሜይናችን ሥር የምትጠቀሚበት ንዑስ ዶሜይን ካለ ንገሪኝ፤ ሰኞ የምቀይረው ነገር አለ» ይላል። ከሰኞው አራት ቀን ቀድሞ የተላከ። ስፓም ውስጥ እንኳ አልነበረም። ኢንቦክስ ውስጥ፣ ሳይከፈት፣ «ለመረጃ ያህል» የሚል ርዕስ ይዞ።

እስቲ «ለመረጃ ያህል» የሚል ኢሜይል ማን ይከፍታል? ለልጁ እስካሁን አልነገርኩትም።