የዋይድ ሪሲቨርን ብቃት ለፋንታሲ ሊግ መመዘን፦ ከሳትኩትና ካገኘሁት የተማርኩት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የሆነው የኤንኤፍኤል የውድድር ዓመት በተከፈተበት ሳምንት ሎስ አንጀለስ ራምስ ወደ ሲያትል ሄዶ ሲሆክስን 30 ለ 13 አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ ፑካ ናኩዋ እና ቱቱ አትዌል የተባሉ ሁለት የራምስ ተቀባዮች (ዋይድ ሪሲቨር፣ ማለትም የሚወረወርላቸውን ኳስ ይዘው የሚሮጡ ተጫዋቾች) በያዙት ኳስ እኩል 119 ያርድ ወደፊት ተጉዘው አስመዘገቡ። በሥራ ቦታችን ባለው የ12 ሰው ፋንታሲ ሊግ፣ ማለትም እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን ሜዳ ላይ በሚያስመዘግቡት ቁጥር ነጥብ በምንወዳደርበት ጨዋታ፣ ሁለቱም ገና ባለቤት አልነበራቸውም፤ ባለቤት አልባ ተጫዋቾችን በወረፋ የምንጠይቅበት የማክሰኞ ሌሊት ከመድረሱ በፊት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። እኔ አትዌልን መረጥኩ። አትዌል በ2021 በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) በሁለተኛው ዙር የተመረጠና በፍጥነቱ የሚታወቅ ተጫዋች ሲሆን፣ ናኩዋ ግን በአምስተኛው ዙር በ177ኛ ተራ የተወሰደ ጀማሪ መሆኑ ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ አትዌል 39 ኳስ ለ483 ያርድ ይዞ ነበር። ናኩዋ 105 ኳስ ለ1,486 ያርድ ያዘ፤ ሁለቱም ቁጥሮች እስከዚያ ድረስ በሊጉ ታሪክ ጀማሪ ተቀባይ ካስመዘገባቸው ሁሉ የሚበልጡ ነበሩ።

ይህን ምርጫ ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ ምክንያቱም ናኩዋን ያጣሁት በዕድል አልነበረም። መልሱ በዚያው በመጀመሪያው ጨዋታ ሠንጠረዥ ላይ፣ እኔ ካየሁት ዓምድ አጠገብ ተጽፎ ነበር። አትዌል 119 ያርዱን ያገኘው በ6 ኳስ ነው፤ ናኩዋ 10 ይዟል፣ ወደ እሱ የተወረወረው ኳስ ደግሞ 15 ነበር። የራምስ ዋነኛ ተቀባይ ኩፐር ኩፕ በጉዳት ምክንያት ለአራት ጨዋታዎች እንደማይሰለፍ ቀድሞ ታውቋል። ኩፕ በ2021 ብቻ 145 ኳስ ለ1,947 ያርድ ይዞ 16 ታችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚው የጎል መስመር ማሳለፍ) ያስቆጠረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ተጫዋች ከሜዳ ሲርቅ ወደ እሱ ይሄድ የነበረው ኳስ ወደ አንድ ሰው መዞሩ አይቀርም፣ ወደ ማን እንደ ዞረም ያ ጨዋታ በግልጽ አሳይቶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ሲጫወቱ ወደ ናኩዋ 20 ኳስ ተወርውሮ 15ቱን ለ147 ያርድ ሲይዝ አንድ ባልደረባዬ አስቀድሞ ወስዶታል። ናኩዋ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች አንድም ታችዳውን አላስቆጠረም፤ የመጀመሪያውን ያገኘው በአራተኛው ሳምንት ኢንዲያናፖሊስ ላይ፣ በጭማሪ ሰዓት ጨዋታውን በቋጨው ኳስ ነው። ታችዳውን እስኪያስቆጥር ድረስ የጠበቀ ሰው ሁሉ ዘግይቶ ቀርቷል ማለት ነው።

በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ ዓመታት ላሳለፈ አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ከአጥቂ ጋር ማነጻጸር ይቀላል። አንድ አጥቂ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጎል ሊያገባ ይችላል፤ ልምድ ያለው ሰው ግን ስንት ጊዜ እንደ ሞከረና ከየት ቦታ እንደ ሞከረ ሳይጠይቅ ካፒቴን አያደርገውም። በአሜሪካ ፉትቦል የሙከራውን ቦታ የሚይዘው ታርጌት ነው፤ ይኸውም ኳርተርባኩ (የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ) ወደ ተቀባዩ የወረወረው ኳስ ሲሆን፣ ተያዘም አልተያዘም ይቆጠራል። እኛ በምንጫወትበት ደንብ ለእያንዳንዱ የተያዘ ኳስ 1 ነጥብ፣ ለየ10 ያርዱ 1 ነጥብ፣ ለታችዳውን ደግሞ 6 ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ 6 ኳስ ለ60 ያርድ የያዘ ተቀባይ 12 ነጥብ ያገኛል፤ አንድ ኳስ ብቻ ለ50 ያርድ ይዞ ታችዳውን ያስቆጠረውም እንዲሁ 12 ያገኛል። ነጥባቸው እኩል ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጠበቅ የሚችለው ግን በጣም ይለያያል፤ የመጀመሪያው ስድስት ጊዜ ተፈልጓል፣ ሁለተኛው ግን አንዲት ኳስ ብታመልጠው ኖሮ ባዶውን ይወጣ ነበር።

ከአትዌል በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። ማክሰኞ ማታ ልጆቼ ሲተኙ፣ የራሴን ተቀባዮችና ልወስዳቸው የማስባቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ጨዋታ እንደገና ማየት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዓምድ የምጽፈው ቡድኑ ኳስ ለመወርወር በወጣባቸው ጊዜያት ተቀባዩ ስንት ጊዜ ሩት (ኳስ ለመቀበል የሚሮጥበት የታቀደ መንገድ) እንደ ሮጠ ነው፤ ሜዳ ላይ መገኘት ብቻውን አይበቃም፣ ቡድኑ ኳሱን ይዞ ለመሮጥ ሲወስን ተቀባዩ የሚሠራው ተከላካይ መግፋት ነውና። ቀጥሎ ታርጌቱን፣ ከዚያም ኳሱ በአየር ላይ ስንት ያርድ ያህል እንደ ተጓዘ እጽፋለሁ። ከጎል መስመሩ 20 ያርድ ውስጥ የተወረወሩትን በቀይ አሰምርባቸዋለሁ፤ ታችዳውን በብዛት የሚገኘው ከዚያ ነው። ያገኘውን ያርድ ለሮጠው ሩት አካፍላለሁ፤ በአንድ ሩት 2 ያርድና ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲያገኝ የቆየ ተቀባይ ካገኘሁ ከእጄ እንዲወጣ አልፈልግም። የመጨረሻው ዓምድ ግን ከሠንጠረዥ የማይገኝ ነው፤ ተቀባዩ ነጻ ወጥቶ ነበር ወይስ አልወጣም የሚለውን በዓይን ብቻ ነው የማውቀው።

እንዲህ በማድረጌ ውርወራ መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳሁት ወደ ኋላ ተመልሼ የ2022ቱን ዲዮንቴ ጆንሰንን ባጠናሁ ጊዜ ነው። ጆንሰን በ2021 ለፒትስበርግ ስቲለርስ 169 ጊዜ ተወርውሮለት 107 ኳስ ለ1,161 ያርድ ይዞ 8 ታችዳውን አስቆጥሯል፤ በእኛ ደንብ ይህ 271.1 ነጥብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 147 ጊዜ ተወረወረለት፣ 86 ኳስ ለ882 ያርድ ያዘ፣ ታችዳውን ግን አንድም አላስቆጠረም፤ ነጥቡም ወደ 174.2 ወረደ። ያን ዓመት በቡድኔ ውስጥ ስለ ነበር በየሳምንቱ የተሰማኝን አስታውሳለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ይገኛል እያልኩ 17 ሳምንት አሰለፍኩት። በሁለቱ ዓመታት መካከል የተለወጠው ዋነኛ ነገር ወርዋሪው ነበር። ቤን ሮትሊስበርገር ጡረታ ወጥቶ በቦታው መጀመሪያ ሚች ትሩቢስኪ፣ ቀጥሎም ጀማሪው ኬኒ ፒኬት ተተኩ፤ ፒኬት በዚያ ዓመት የወረወረው ታችዳውን 7 ብቻ ነው። ቡድኑ በውርወራ እምብዛም በማያስቆጥርበት ዓመት ከየትኛውም ተቀባይ ብዙ ታችዳውን መጠበቅ አይቻልም። እኔ በሊጋችን ድራፍት ተጫዋቾችን በተራ ስንመርጥ ያሰብኩት ስለ ጆንሰን ብቻ ነበር፤ ስለ ወርዋሪው ግን አንድም ጥያቄ አላነሣሁም።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የገጠመልኝ በዋሽንግተኑ ተቀባይ በቴሪ ማክሎሪን ላይ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ከሚጫወትበት ከላንዶቨር ብዙም ሳልርቅ ስለሆነ የማክሎሪንን ጨዋታ ከማንም በላይ ተከታትያለሁ። በ2023 ዋሽንግተን 4 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 13 ጊዜ ተሸነፈ። ኳርተርባኩ ሳም ሃዌል 612 ጊዜ ወረወረ፤ ከሊጉ ኳርተርባኮች ሁሉ የበለጠ ነው፤ 65 ጊዜ ደግሞ ሳይወረውር መሬት ላይ ተጣለ። ማክሎሪን ከ132 ታርጌት 79 ይዞ 1,002 ያርድና 4 ታችዳውን አገኘ፤ ይህ 203.2 ነጥብ ነው። በሊጋችን ውስጥ ብዙዎች ዕድሜው እየገፋ ነው፣ ከዚህ በላይ አይሄድም አሉ።

የእኔ ደብተር ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ከላይ በሚቀረጸው፣ ሃያ ሁለቱንም ተጫዋቾች በሚያሳየው ምስል ላይ ማክሎሪንን ብቻ እየተከተልኩ ስመለከት አንድ ዓይነት ትዕይንት ይደጋገም ነበር። በግራው መስመር ዳር ይቆማል፤ ኳሱ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት እርምጃዎች ቀጥ ብሎ ይሮጣል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ መስሎ ትከሻውን ያዘነብላል፣ ተከላካዩም ወገቡን ወደ ውስጥ ያዞራል፤ በዚያች ቅጽበት ማክሎሪን ውጪውን እግሩን ተክሎ በመስመሩ ይፈተለካል። ሁለት እርምጃ ቀድሞ እጁን ሲያነሣ ዓይኔን ወደ ሃዌል እመልሳለሁ፤ ሃዌል ሁለት ሰው ላዩ ላይ ወድቆበት ተኝቷል። ከዚህ ሁሉ በሠንጠረዡ ላይ ስለ ማክሎሪን የሚጻፍ አንዳች ነገር የለም። እኔ ግን በመጨረሻው ዓምድ «ነጻ ነበር፣ አልተወረወረም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ያ ዓምድ በማክሎሪን ገጾች ላይ ከማንኛውም ተቀባይ ይልቅ የተሞላ ሆኖ አገኘሁት።

በ2024 ዋሽንግተን ኳርተርባኩን ጄይደን ዳንኤልስን በድራፍቱ በሁለተኛ ተራ ሲመርጥ ማክሎሪንን ለመውሰድ ቆርጬ ተነሣሁ፤ በሊጋችን ድራፍትም ብዙዎች ካለፉት በኋላ አገኘሁት። ዳንኤልስ ከወረወራቸው 480 ኳሶች 331ዱ ተይዘው የዓመቱ ምርጥ የአጥቂ ክፍል ጀማሪ ተባለ፣ ቡድኑም 12 ጊዜ አሸነፈ። ወደ ማክሎሪን የተወረወረው ኳስ ከ132 ወደ 117 ቢወርድም የያዘው 82 ሆነ፣ ያርዱ 1,096፣ ታችዳውኑ 13። ለእሱ ከተወረወረው የያዘው ከመቶ 60 ገደማ የነበረው ወደ 70 ከፍ አለ፤ የውርወራው ቁጥር ሲያንስ ጥራቱ ግን ጨምሮ ነበር።

በዚያ ዓመት ሊጋችንን አሸንፌያለሁ፤ ደስታዬን ሳልጨርስ ግን እርሳስ ይዤ ነጥቡን በታተንኩት። ማክሎሪን ከ203.2 ወደ 269.6 ሲወጣ ጭማሪው 66.4 ነጥብ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 54ቱ ከዘጠኙ ተጨማሪ ታችዳውኖች የመጡ ሲሆኑ፣ ከተያዙት ኳሶችና ከያርዱ የመጣው 12.4 ብቻ ነው። ማክሎሪን ጎበዝ መሆኑን በትክክል አይቻለሁ፤ ያንን ያህል ነጥብ ያመጣው ግን እኔ ያየሁት ነገር ብቻ አልነበረም። በ117 ታርጌት 13 ታችዳውን ማለት ከዘጠኝ ውርወራ አንዱ ማለት ነው፤ በቀደመው ዓመት ግን ከ33 አንዱ ነበር። ሁለቱም ጽንፍ ናቸው፣ የተጫዋቹ እውነተኛ ልክም በመካከላቸው የሆነ ቦታ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ከ2020 እስከ 2022 ባሉት ሦስት ዓመታት 4፣ 5 እና 5 ታችዳውን ማስቆጠሩም ይህንኑ ያጠናክርልኛል።

በእነዚህ ዓመታት ጊዜዬን ያለ ጥቅም የወሰዱብኝም ነበሩ። ተቀባዩን የሚጠብቀው ተከላካይ ማን እንደሆነ በማጥናት ብዙ ሰዓት አጥፍቻለሁ፤ ብዙ ቡድኖች ተከላካዮቻቸውን ስለሚቀያይሩ ምርጫዬን ያሻሻለበት ጊዜ ጥቂት ነው። የረቡዕ፣ የሐሙስና የዓርብ የልምምድ ዘገባ ግን ሁልጊዜ ይጠቅማል፤ ዓርብ ዕለት ልምምድ ያልሠራን ሰው ማሰለፍ ትቻለሁ፣ ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው የሚወጣውን የማይሰለፉ ተጫዋቾች ዝርዝርም ሳላይ አላልፍም።

በ2025 ክረምት ማክሎሪን በውል ጉዳይ የዝግጅቱን ልምምድ ሳይሠራ ቆይቶ ኦገስት መጨረሻ ላይ አዲስ ውል ፈረመ። በድራፍታችን ተራዬ ሲደርስ ስሙ ፊት ለፊቴ ነበር፤ ብዙዎቹ የሚገምቱት በ13ቱ ታችዳውን ልክ ስለ ነበር በዚያ ዋጋ አልወስደውም ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ማክሎሪን የጭን ጡንቻ ጉዳት ደርሶበት በርካታ ጨዋታዎች አመለጡት። ባልደረቦቼ አስቀድመህ አውቀህ ነበር አሉኝ፤ እኔ ግን በደብተሬ ላይ ያንን ምርጫ ከትክክለኞቹ ጎን አልጻፍኩትም፤ ያለፍኩት ታችዳውኑ ይቀንሳል ብዬ እንጂ ይጎዳል ብዬ አልነበረም።