ከንባብ ወደ ጸሎት የሚያሻግረው ምስባክ ነው

ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልኝ ነበር። ስለዚህ ለጀማሪ ልናገረው።

መነሻው ቀላል ነው፦ የንጋቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት፣ ኪዳን፣ ሳይጀመር መነሣት (ጎንደር ላይ የየአጥቢያው ድምፅ ማጉያ ከተከፈተ በኋላ ቤት ውስጥ ልብ መሰብሰብ ከባድ ነው)፣ ስልክን ሌላ ክፍል መተው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ማማተብ፣ አባታችን ሆይ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም።

የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። አንብበን እንዘጋለን፤ ከዚያ ያነበብነውን ትተን የለመድነውን ልመና እንጀምራለን። ለዚህ አንዱ ምክንያት በየጉባኤው የሚታደለው «በአንድ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ጨርሱ» የሚል ሰንጠረዥ ነው። 66ቱ መጻሕፍት ብቻ 1189 ምዕራፍ ናቸው፤ በቀን ከሦስት በላይ ይደርሳል፣ የእኛ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81 መጻሕፍት ደግሞ ይበልጣል። ሰው ምዕራፍ ለመጨረስ ሲሮጥ ዘሌዋውያን ላይ ያቆማል። ሰንጠረዡን የሚያዘጋጁት ስለ ጸሎቱ አንዲት መስመር አለመጻፋቸው እስካሁን ያናድደኛል። የዕለቱን ዳዊት ሙሉውን ድገሙ ለሚሉ አባቶችም አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን የሰኞው ሦስት ንጉሥ (አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው)፣ 30 መዝሙር፣ የጀማሪ ሸክም አይደለም።

እኔ የያዝኩት ግጻዌውን፣ የየዕለቱን የቅዳሴ ንባብ ማውጫ፣ ነው። የዕለቱን ወንጌልና ምስባክን፣ ከወንጌሉ በፊት የሚዜመውን ከዳዊት የተመረጠ ጥቅስ፣ ያሳያል። ወንጌሉን ሁለት ጊዜ አነባለሁ፣ ሁለተኛውን ድምፄን አውጥቼ። ጌታ የሚጠይቅበት ወይም ሰው የሚለምንበት ቃል ላይ እቆማለሁ። ማርቆስ 10፥46–52 ላይ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ሲል ጥያቄው ለበርጤሜዎስ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱለት፣ የፈለጋችሁትንም በስሙ ጥሩት። ከዚያ ምስባኩን ሦስት ጊዜ በሉና ስገዱ (በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም)። የማቴዎስ የትውልድ ሐረግ ሲደርሳችሁ አትዝለሉት፤ የራሳችሁን ዘመዶች፣ ያረፉትንም፣ በክርስትና ስማቸው አስቡበት።

ቁጥሩን ተጠንቀቁ። ግጻዌው የግእዙን ዳዊት ይከተላል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግእዙ 22፣ በብዙ የአማርኛ እትም 23 ነው። «ማረኝ» የሚለውም 50 እና 51 ነው። ምስባኩ ከወንጌሉ ጋር አልገጥም ካላችሁ አንድ መዝሙር ወደፊት ሂዱ።

አንድምታውንም፣ «አንድም» እያለ የሚተረጕመውን የሊቃውንት ትርጓሜ፣ ከጸሎቱ በፊት አትክፈቱ። የታች ቤት የሚባለው የትርጓሜ ትምህርት በወጣበት በጎንደር ይህን ማለት ይከብዳል፤ ነገር ግን «አንድም» ስንል አእምሮ ወደ ክርክር ይሄዳል፣ ልመናው ይቀዘቅዛል። ለማታ አቆዩት።

የዕለቱን ዳዊት ለሚደግም ከሁሉ የሚከብደው ሐሙስ ነው፤ ጠላትን የሚረግመው መዝሙር 108 (በብዙ የአማርኛ እትም 109) በዚያ ቀን ነው የሚደገመው። ጎረቤትን ወይም የሥራ ባላጋራን እያሰቡ የሚደግሙት አሉ። ይህ ጸሎት አይደለም። «ጠላት» የሚለውን በሰው ስም አትተኩት፤ በራሳችሁ ውስጥ ያለውን ቂምና ሐሜት ጥሩበት። የሰው ፊት ከመጣባችሁ ንባቡን አቁሙ፣ የዚያን ሰው ስም ጠርታችሁ «ማረን» በሉ፣ ከዚያ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።