አህመዳባድ ለደሴ ሰው፦ ግማሽ ሻይ፣ የሌሊት ገበያና የጣሪያ ላይ ሰማይ

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ለትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለንግድ ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው ስለ ቪዛና ስለ ሐኪም ቤት የሚነግረው አያጣም። ከጉዳዩ የተረፈውን ሰዓት ምን እንደሚያደርግበት የሚነግረው ግን የለም። ብዙው ሰው ክፍሉ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ ወሩ ያልቅበታል። የምጽፈው ስለዚያ ትርፍ ሰዓት ነው። ከተማዋ አህመዳባድ ናት፤ በምዕራብ ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ፣ የሳባርማቲ ወንዝ መሃሏን አቋርጦ የሚያልፍባት፣ ሱልጣን አህመድ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1411 የቆረቆራት። ከሙምባይ በባቡር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለወሎ ሰው ከሕንድ ከተሞች ሁሉ ይህቺ ትቀርበዋለች ብዬ አምናለሁ።

በሰዓት ልጀምር። ሕንድ ከእኛ በ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ ግማሽ ሰዓቷን አትርሱ። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ግን ሙቀቱ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር ያደገ ሰው የቀትር ፀሐይ ወዳጁ ናት፤ ብርድ ልብሱን ጥሎ ሊሞቃት ይወጣል። አህመዳባድ ከባሕር ወለል 50 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ናት፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ሙቀቱ በተደጋጋሚ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ሙቀት ብዙ ሰው ስለቀጠፈባት ከተማዋ በ2013 ለሙቀት ጊዜ የሚሆን የመከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ በደቡብ እስያ የመጀመሪያው ነበር። ነዋሪው ግን ቀኑን ለሁለት መክፈል ያወቀው ከዚያ በፊት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት መናፈሻው ሰው በሰው ነው፤ ከቀኑ 5 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ወይም ቤት ውስጥ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከተማው እንደገና ይወጣል። የደጋ ሰው የሚሳሳተው ቀትር ላይ «ትንሽ ልንሸራሸር» ብሎ ሲወጣ ነው። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና የላብ ድንገት መቆም ከመጣ ሽርሽሩ እዚያው ያብቃና ወደ ጥላ፣ ወደ ውሃ፣ ካልተሻለም ወደ ሐኪም፤ ላቡ ከቆመ ግን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም። ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ውሃ ብቻውን አይበቃም። እነሱ ‹ቻስ› ይጠጣሉ፦ የእኛው አሬራ፣ ጨውና የተቆላ ከሙን ጣል የተደረገበት። ለመዝናናት የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው።

የመንገድ ዳር ሻይ ቤቱ ‹ኪትሊ› ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከማንቆርቆሪያው ነው። ስኒው ትንሽ ነው፤ እሷንም ቢሆን ለሁለት ይካፈሏታል፤ አንዱ ከስኒው፣ ሌላው ከማስቀመጫ ሳህኑ ይጠጣል። ግማሽ ብቻ ማዘዝ ነውር አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የሚፈለገው መጠኑ አይደለም፣ መቀመጡና መደጋገሙ ነው። 10፣ 20 እና 50 ሩፒ ዝርዝር ያዙ። አብዛኛው ሰው በስልክ ስለሚከፍል ባለ ኪትሊው መልስ ላይኖረው ይችላል፤ የውጭ አገር ካርድ ደግሞ እዚያ አይሠራም።

ሻዩን ደሴ ላይ ማፍላት ለሚፈልግ፦ ለሁለት ሰው 1 ብርጭቆ ውሃ፣ ከ1 ብርጭቆ ትንሽ ከፍ ያለ ወተት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ሻይ ቅጠል፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ 3 ፍሬ ሄል። ጉጃራቶች ሁለት ነገር ይጨምራሉ፣ ሁለቱንም ጓሯችን አለን፦ ጠጅ ሳርና ናና። ዝንጅብሉን ውቀጡት፣ ሄሉን ፈልቅቁት፣ ጠጅ ሳሩን ቁረጡት፤ ሦስቱን በውሃው ብቻ አፍሉ። ወተቱ ኋላ የሚገባው ጥሬ ዝንጅብል ወተት ስለሚበጥስ ነው፤ መጀመሪያ በደንብ ከፈላ ያ ኃይሉ ይጠፋል። ወተቱ የሚበጠስባቸው ሰዎች ወተቱ አርጅቶ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዝንጅብሉን በመጨረሻ መጨመራቸው ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ቅመሙ ቶሎ አይወጣም፤ እዚያ 3 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 6 ወይም 7 ይፈልጋል። ቀጥሎ ሻይ ቅጠሉና ስኳሩ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ ወተቱ። ሲገነፍል ከእሳት ማንሳት፣ መመለስ፣ ይህን ሦስት ጊዜ። ናናው እሳቱ ሲጠፋ ይገባል። ወተቱን ከውሃው ያስበለጥኩት እዚያ የጎሽ ወተት ስለሚበዛ ነው፤ ስቡ ከላም ወተት ይበልጣል። ሄል ያጣ ኮረሪማ አያስገባ፤ ሌላ መጠጥ ይሆናል።

ስለ ምግብ ባጭሩ። ጉጃራት አትክልት በላ ናት፤ ስለዚህ ጿሚ እንደሌላው አገር አይቸገርም፣ ግን ‹ጊ› የሚሉት የነጠረ ቅቤ ቂጣው ላይ ሁሉ ይቀባል፣ እርጎም በየወጡ ይገባል፤ ሳታዝዙ በፊት ተናገሩ። ሥጋ ለሚፈልግ አሮጌው ከተማ ውስጥ ባሉት የሙስሊም ሰፈሮች ሐላል አለ። የአልኮል መጠጥ በክልሉ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ቢራ ፋብሪካ ካላት ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ያለ ፈቃድ መያዝም ወንጀል ነው።

ማኔክ ቾክ አደባባይ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀየራል። ጠዋት የአትክልት ገበያ ነው፤ ቀን በዙሪያው ያሉት የወርቅና የብር ነጋዴዎች ይከፍታሉ፤ ሱቆቹ ሲዘጉ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ምግብ ሻጮች ወንበርና ምድጃ ይዘው ይገባሉ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም ይቆያሉ። ይህ ሁሉ የከተማዋ መሥራች ከተቀበረበት ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። ለቤተሰብ የሚሆነው ሰዓት ከ4 እስከ 5 ነው። ዐይናችሁ እያየ ከምድጃ የወረደውን ብሉ፤ ሆድ የሚያውኩት በብዛት በረዶ ያለበት መጠጥና ሲከፈት የዋለ ቀዝቃዛ ማባያ ናቸው። ፒያሳና ሸዋ በር ሲመሽ እንዴት ባዶ እንደሚሆኑ ለሚያውቅ፣ አንድን ቦታ በሰዓት እያፈራረቁ መጠቀም ቢታሰብበት የሚሠራ ነገር ነው።

የካንካሪያ ሐይቅ ዙሪያም ለልጆች ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1451 በሰው እጅ የተሠራ፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የእግር መንገድ ያለው። ሰኞ ዝግ ነው።

አሁን ወደ ሲዲ ሰዒድ መስጊድ። ላል ዳርዋዛ በሚባለው አካባቢ፣ መኪና በሚተራመስበት መንገድ ዳር አለ። ያሠራው ሀበሻዊ ዘር ያለው ሰው ነው፤ ‹ሲዲ› እና ‹ሀብሺ› በዚያ አገር ከእኛና ከሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ወገን ለመጡ ሰዎች የተሰጡ ስሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1573 ገደማ ተሠራ። በምዕራብ ግድግዳው ያሉት መስኮቶች ከድንጋይ የተወቀሩ ወንፊቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ዛፍ ነው፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ጥበቡ እንደ ጥልፍ የረቀቀ። የከተማዋ ምልክት ሆኗል። የመስኮቱ አቅጣጫ ምዕራብ ስለሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ከውስጥ ሲታይ ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሃል ይገባል፤ ጠዋት የሄደ ጠፍጣፋ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። የሶላት ሰዓት ሲሆን ቆይቶ መግባት፣ ጫማ ማውለቅ፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን። ክፍያ የለም። ለትምህርት የሄዱ ልጆቻችን ይህን መስኮት ሳያዩ መመለሳቸው ያሳዝነኛል፤ ከ450 ዓመት በፊት የእኛ ሰው እዚያ ከተማ ውስጥ አሻራውን በድንጋይ ትቷል።

የከተማዋ ትልቁ ጨዋታ ያለው ግን ጣሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14፣ በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥር 6፣ ከጥምቀት 5 ቀን ቀድሞ፣ ኡታራያን ይከበራል። ከንጋት እስከ ምሽት ሰማዩ በካይት፣ በክር ተይዞ በነፋስ በሚበር የወረቀት መጫወቻ፣ ይሸፈናል፤ ማግስቱም በዓል ነው። አሮጌው ከተማ ‹ፖል› በሚባሉ፣ በር ባላቸው ጠባብ ሰፈሮች የተከፋፈለ ነው፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣሪያ የሌለው ይከራያል። ጨዋታው የሌላውን ክር መቁረጥ ነው። ክሩ፣ ‹ማንጃ›፣ በልማድ ጥጥ ሆኖ በሩዝ ሙጫና በተፈጨ መስታወት የተለበጠ ነው፤ መስታወት የተቀባው ግን አሁን በሕግ ተከልክሏል። የቆመ ክር ይቆረጣል፣ የሚሮጥ ክር ይቆርጣል፤ ስለዚህ ክራችሁ ከሌላው ጋር እንደተጠላለፈ ወይ በፍጥነት መልቀቅ ወይ በፍጥነት መሳብ እንጂ ማመንታት የለም። ጠቋሚ ጣት ላይ ፕላስተር ሳይጠቀለል አይጀመርም። የናይሎኑም ክር የተከለከለው ስለማይበጠስ ነው፤ የሞተረኛ አንገት ቆርጧል፣ ወፍ ይገድላል። በእነዚያ ቀናት በሞተር የሚሄድ አንገቱ ላይ ወፍራም ሻርፕ ይጠቅልል። ወፎች የሚበሩበት ማለዳና አመሻሽ ላይ ክር ማውረድ ደግሞ የጨዋ ተጫዋች ደንብ ነው።

ካይቱን ደሴም ኮምቦልቻም መሥራት ይቻላል፣ መስታወት ያልነካው ተራ የጥጥ ክር ይዞ። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ስስ ወረቀት በማዕዘኑ አቁሙ። ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ቀጥ ያለ የቀርከሃ ስንጥር 64 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው 70 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እንደ ቀስት ይጎብጥና ጫፎቹ በግራና በቀኝ ማዕዘን ይጣበቃሉ፤ ከቀጥታው ጋር የሚገናኘው ከላይኛው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ ነው። ቀስቱን ከመሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ እኩል አቅጥኑት፤ አንዱ ወገን ከጠነከረ ካይቱ ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ልጓሙ፣ የምትይዙት ክር የሚታሰርበት ማሰሪያ፣ ሁለት እግር አለው፦ አንዱ ሁለቱ ስንጥሮች በሚገናኙበት፣ ሌላው ከታችኛው ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። የታችኛው እግር ከላይኛው 1 ሴንቲ ሜትር ይርዘም።

ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ ይበቃል። ጀርባችሁን ለነፋስ ስጡ፣ ረዳት 10 ሜትር ርቆ ይልቀቅላችሁ። ክር ስትስቡ ካይቱ አፍንጫው፣ ማለት የላይኛው ጫፉ፣ ወደዞረበት ይሄዳል፣ ስታላሉ ይሽከረከራል፤ አፍንጫው ወደምትፈልጉበት ሲዞር መሳብ ነው ሥራው። ያለማቋረጥ ከተሽከረከረ የታችኛውን የልጓም እግር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨምሩለት። ወደ ቀኝ ካዘነበለ ግራ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቂት ክር ጠቅልሉ። ከሕንፃ ጀርባ ነፋሱ ስለሚዞር አይነሳላችሁም፤ የጦሳ ተዳፋት ይሻላል፣ ግን ተጫዋች ወደ ኋላ ስለሚራመድ ከገደል አፋፍ 20 ሜትር ራቁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ሰፈርና አሞራ በሚያንዣብብበት ቄራ አካባቢ አታብርሩ፤ ሽቦ ላይ የተያዘ ካይት ይተዋል እንጂ አይጎተትም።

ወረቀቱ ሲቀደድ 1 ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በ4 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ እስኪወፍር አሙቁ፣ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉበትና ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ልጣፉ አንዱን ክንፍ ስለሚያከብደው በሌላው ክንፍ፣ ልክ በትይዩው፣ ያንኑ የሚያህል ቁራጭ ለጥፉ።