ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ስጦታ

በጎንደር ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች የምእመናንን ስጦታ ስናጠና የመጠይቁ ዋና ጥያቄ ለአባወራው የሚቀርብና «ባለፈው ዓመት ቤተሰቡ ለቤተ ክርስቲያን ስንት ብር ሰጠ?» የሚል ነበር። ጥያቄው የሴቶችን ድርሻ እንደሚያስቀር መስክ ሳንወጣ ተናግሬ ነበር፤ አስተባባሪያችን ግን «በብር የማይለካ ነገር መጠይቅ ውስጥ አይገባም» ብለው ዘጉት።

አንድ ቤት ስንደርስ አባወራው የሰበካ ጉባኤ ክፍያቸውን፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ያዋጡትንና ለንግሥ በስለት ያስገቡትን ጃንጥላ ከነደረሰኙ ቆጠሩልን። ባለቤታቸው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በሰፌድ ስንዴ ይለቅማሉ፤ ጠጠሩንና እንክርዳዱን ብቻ ሳይሆን የተሰበረውንም ፍሬ እየለዩ ወደ ጎን ያደርጋሉ። ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ ብጠይቃቸው «የመገበሪያ ነዋ» አሉኝ፤ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ ማለታቸው ነው።

«ታዲያ ይህስ ለምን አልተመዘገበም?» ስል አባወራው ዝም አሉ። እሳቸው ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ «እሱ የነገራችሁ ደረሰኝ ያለውን ነው፣ ልጄ» አሉና ለጧፍ የሚፈትሉትን ጥጥ፣ ተራቸው ሲደርስ በወሩ በ21 ለማርያም ማኅበር የሚጠምቁትን ጠላና የሚጋግሩትን ዳቦ፣ በየማለዳው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃቸው ለሚቆመው የቆሎ ተማሪ የሚሰጡትን ቁራሽ ዘረዘሩልኝ። ዜማውና ቅኔው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚህ ቁራሽ ጭምር እንደሆነ አምናለሁ፤ ከየጓዳው የሚያወጡትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ቢሮ ስንመለስ ጉዳዩን ደግሜ አነሣሁ። በ1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኒቱን መሬቷን ካሳጣት ወዲህ አጥቢያው በአመዛኙ የሚኖረው በምእመናን እጅ በመሆኑ፣ የግማሹን እጅ ብቻ የሚቆጥር ጥናት አጥቢያው በምን እንደሚኖር ሊያስረዳ አይችልም አልኳቸው። አስተባባሪያችን «እንግዲያው በገበያ ዋጋ ተምናችሁ አምጡ» አሉ።

ወደ ሴትዮዋ ተመልሼ ይህንኑ ስነግራቸው ተቆጡ። «ለማርያም የሰጠሁትን ዋጋ አውጪለት ትለኛለህ? ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ተብሎ የለ እንዴ! እሱ በደረሰኝ ቢሰጥ ቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ስላለባት ነው፤ የኔን የምታውቅ ማርያም ናት።» ያን ሁሉ የተከራከርኩት እሳቸው እንዲታዩ ነበርና ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። እሳቸው መተመንን የናቁት በእምነት ነው፤ በጥናቱ ሠንጠረዥ ላይ ግን እምነታቸውና የእኛ ቸልተኝነት አንድ ዓይነት ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። ስለዚህ ብሩን ትቼ በቁናና በእንስራ መዝግቤ አስረከብኩ።

ታትሞ በወጣው ዘገባ ያ ሁሉ ተሰርዟል። «የቤተሰብ ስጦታ» የሚለው ሠንጠረዥ የአባወራዎቹን ደረሰኝ ብቻ ይዟል፤ ሴቶች ተለይተው የተጠቀሱት ስለ ምጽዋት ተቀባዮች በሚናገረው ምዕራፍ ነው፤ ይህም አሁንም ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ በሚያልፍ መጠይቅ ሁሉ «ከእጃችሁ የወጣው ምንድን ነው? ማን አዘጋጀው? ማንስ አደረሰው?» የሚሉትን ጥያቄዎች የብር ዓምድ ሳላደርግላቸው አስገባለሁ፤ የቤቱ እመቤትም ለብቻቸው እንዲጠየቁ አደርጋለሁ።