ትን የማይላቸው አባት

የምሠራው ለገጣፎ መውጫ ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ኤክስሬይ ክፍል ውስጥ ነው። ፍሎሮስኮፒ አለን፤ ኤክስሬይን እንደ ቪዲዮ በስክሪን የሚያሳይ ማሽን። ብዙ ጊዜ የሚታይበት የምግብ ቧንቧና ጨጓራ ነው። ታካሚው አንድ ኩባያ ባሪየም፣ በኤክስሬይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ፣ ይጠጣል፣ ሲወርድ እናያለን፣ አለቀ።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ የመታቸው አንድ አባት መጡ። የሳንባ ምች እየተመላለሰ አስቸግሯቸዋል። በመድኃኒት ይሻላቸዋል፣ ቤት ይገባሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። «ሲጠጡ ትን ይላቸዋል?» ስንላት ልጃቸው «ኧረ በፍጹም! ሻዩንም ውሃውንም ግጥም ነው የሚያደርጉት» አለች። ወረቀቱ ላይ የታዘዘውም የተለመደው የባሪየም ምርመራ ነው።

ራዲዮሎጂስቷ፣ ምስሉን የምታነበው ዶክተር፣ ግን «ስትሮክ» የምትለው ቃል ላይ ቆመች። «ተቀምጠው፣ በጎን፣ ከከንፈር እስከ አንገት ነው የማየው» አለች። ማለት ቀላል ነው! ዊልቸሩ ማሽኑ መሃል አይገባም። ከጥበቃዎቹ የእንጨት ወንበር ለምነን፣ ወገባቸውን በትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው።

አንዱ ባልደረባችን ባሪየም ሳንባ ከገባ ጉድ ነው፣ በባሪየም ፈንታ በውሃ የሚሟሟውን ሌላውን ዓይነት እንስጣቸው አለ። ዶክተሯ እሺ አላለችም። እኛ ጋ ያለው የሚሟሟ ዓይነት ሳንባ ውስጥ ከገባ ፈሳሽ ስቦ ያጥለቀልቀዋል። በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ ባሪየም ይሻላል።

ቀጭኑን ባሪየም በሻይ ማንኪያ ሰጠናቸው። «አባባ፣ እስቲ ይዋጡት።» ዋጡ። ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ መስመር ከምላስ ሥር ወረደና ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ምግብ ቧንቧ ሄደ። ሌላው፣ ክር የምታህለው፣ በድምፅ አውታሮቹ መሃል ሾልካ አየር ቧንቧ ውስጥ ገባች። ሳል የለም። ዓይናቸው እንኳ እንባ አላቀረረም። «በቃ?» አሉን።

ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ሲያደነዝዝ እንዲህ ነው፤ የሚያስለው ነገር ገብቶም ሳል አይመጣም። የሚዋጠው ነገር ወደ አየር ቧንቧ ምን ያህል እንደገባ የሚለካ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 8 ደረጃ መለኪያ አለ። 8ኛው፣ የመጨረሻው፣ ይኸው ነው፦ ከድምፅ አውታር በታች ገብቶ ሰውየው ለማስወጣት ምንም ሳይሞክር ሲቀር። አልጋው አጠገብ ቆሞ ሳል የሚጠብቅ ሐኪም ይህን አያገኘውም።

የጉሮሮው ሥራ አንድ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ በዓይን ያመልጣል። ማሽናችን ደግሞ አይቀዳም። ልጅቷን አስፈቅደን ስክሪኑን በስልክ ቀረጽነው። ቪዲዮውን ቀስ እንዲል አድርገን ስናሳያት ክሯን በጣቷ ተከተለቻት።

አገጫቸውን ወደ ደረት ዝቅ አድርገው ሲውጡም ቀጭኑ ሾለከ። ልጅቷ በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ ነበር። ወፈር አድርገን ከባሪየም ጋር ቀላቀልነው። ቀስ ብሎ ሙሉ በሙሉ በትክክለኛው መንገድ ወረደ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ጮህኩ።

ዶክተሯ ነገረቻት፦ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በማንኪያ፣ ወፍራም ነገር። አፋቸውም ጠዋት ማታ ይጽዳ፤ ወደ ሳንባ የሚሾልከው ምራቅ ከአፍ ጀርም ይዞ ይወርዳልና።

«ጠበሉስ?» አለች ልጅቷ።

«ይጠመቁበት እንጂ አይጠጡት፤ ለጊዜው።»

«ቡናውስ?»

ዶክተሯ ሳትመልስ አባትየው ከወንበሩ ላይ «ቡናዬን የሚነካ የለም!» አሉ። ክርክሩ ኮሪደር ላይ ቀጠለ። እኔ ወንበሩን ለጥበቃዎቹ ልመልስ ሄድኩ።