ወፍ የሚል የለም

ግንቦት ላይ ከሊበን ሜዳ ስንመለስ ነው። ከነገሌ ቦረና ወደ 600 ኪሎ ሜትር መጥተን፣ ሞጆ አድረን፣ በማለዳ ገላንን አልፈን አዲስ አበባ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ አስቆሙን። የትብብር ደብዳቤው አስተባባሪያችን ኪስ ውስጥ ነው። «እናንተ ትጥሉታላችሁ» ብሎ ይዞት በሌላ መኪና ቀድሞን ገብቷል። ስብሰባ ነበረው። ሁልጊዜ ስብሰባ አለው።

ፈታሹ ድንኳኑን፣ ጀሪካኑን፣ የሽሮውን ፌስታል ሁሉ አልፎ ፓራቦላው ላይ ቆመ።

«ይሄ ዲሽ ነው?»

«አይደለም አለቃ፣ የወፍ ድምፅ መቅጃ ነው።»

«እዚህ ወፍ አልቆ ነው ነገሌ ድረስ የወረዳችሁት?»

«አዎ» ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። ሦስት ሳምንት ከሾፌሩ በቀር ሰው ያላናገረ ሰው ግን ጠያቂ ሲያገኝ አያርፍም። የሊበን ላርክ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ እንደሆነች፣ ሳሩ በእርሻና በከብት ብዛት እያለቀባት መሆኑን፣ ወንዱ እየበረረ ሲዘምር ካልሆነ እንደማይታይ፣ ሴቷማ ሳር ውስጥ ገብታ ጭራሽ እንደማትገኝ፣ ስለዚህ ነፋሱ ሳይነሳ ጎህ ሲቀድ በጆሮ እንደምንቆጥር አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት።

«ሴቶቹን ካላያችሁ ስንት ናቸው ብላችሁ ነው የምትጽፉት?»

ቢሯችን ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ወንዶቹን እጥፍ እናደርጋለን አልኩት።

«ሚስት የሌለው ወንድ አይዘፍንም እንዴ?»

መልስ ስላጣሁ ይመስለኛል ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደረግሁለት። የመብራት ሽቦው ላይ አንዲት የካናሪ ዘመድ ትንጫጫለች፤ ፓራቦላውን ወደ እሷ አዞርኩ። ከሽቦው ሥር ግን ሻይ የምትሸጠው ልጅ ከሌላኛው ፈታሽ ጋር ቆማ ታወራ ነበር። ፓራቦላ ቀጭን ድምፅ ይወዳል፤ ወፍራሙን እንደዚያ አይሰበስብም። በኋላ ከቅጂው እንደሰማሁት የሰውየው ማጉረምረም ብቻ ነው፤ የልጅቷ ግን ጥርት ብሏል፦ «ያ ረጅሙ የአራት ቀን ሻይ አልከፈለኝም። አንተ ንገርልኝ፣ እኔ አፍሬያለሁ።»

ረጅሙ እሱ ነው። ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ይሄ የስለላ ዕቃ ነው» አለ።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። አስተባባሪያችን ስልክ አያነሳም። ሾፌራችን «ዲሽ ነው ብትለው ኖሮ እስካሁን ቁርስ በልተን ነበር» እያለ ከልጅቷ ዘንድ ሻይ ጠጣ። ሂሳብ ስከፍል የፈታሹንም ልጨምር አሰብኩና ጉቦ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በመጨረሻ ደብዳቤው በቴሌግራም ፎቶ ሆኖ መጣ። ሰውየው ሁለቴ አነበበው።

«እዚህ ላይ ወፍ የሚል የለም።»

«ብዝኀ ሕይወት የሚለው ነው አለቃ።»

ልጅቷን አየት አደረገና «ሂዱ» አለን።

ቢሮ ስንደርስ ስብሰባ ተጠራ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «መሣሪያ ለማይመለከተው ሰው እንዳይታይ» የሚል ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን ሦስት ኮፒ እይዛለሁ። ወፍ የሚል አሁንም የለበትም። የሚስት አልባዎቹ ወንዶች ጉዳይ ግን ሪፖርቱ ውስጥ ገብቷል፤ በአስተባባሪያችን ስም።