እጣው ተመልሶ ይገባል

"1 በመቶ ከሆነ መቶ ሳጥን ስከፍት አንዱ የግዱን ይወጣል።" ድሬ ላይ ጌም የሚጫወት ጎረምሳ ሁሉ የሚምልበት ሒሳብ ይኸው ነው። ሳጥኑ ጌሙ ውስጥ በብር የሚከፈት፣ ብርቅ ዕቃ በእጣ የሚወጣበት ነው፤ 1 በመቶውም የዚያ ዕቃ ዕድል ነው። ሳቢያን፣ የሠፈራችን እቁብ በሚወጣበት ግቢ፣ የጎረቤት ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይህንኑ ደገመልኝ። "ጋሼ፣ መቶ ከፍቼ ባዶ! ተሰረቅኩ አቦ!"

አልተሰረቀም። ሳጥኑ ያለፈውን አያስታውስም፤ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ (የካምፓኒው ኮምፒውተር) እንደ አዲስ ያወጣል። ባዶ የመሆን ዕድሉ ሁልጊዜ 99 በመቶ ነው፤ 0.99ን መቶ ጊዜ ብታባዛው 0.366 ይመጣል። መቶ መቶ ሳጥን ከከፈቱ መቶ ልጆች 37 ያህሉ ባዷቸውን ይቀራሉ። ግማሽ ለግማሽ ዕድል ለማግኘት 69 ሳጥን፣ ለ90 በመቶ 230፣ ለ99 በመቶ ደግሞ 459 ይጠይቃል። እኩለ ሌሊት ጠብቆ መክፈት፣ ዳታ አጥፍቶ ማብራት፣ ታናሽ እህትን "አንቺ ንኪው" ማለት (ይህም አለ!) ቁጥሯን ንቅንቅ አያደርጋትም።

አልገባውም። የእቁቡን ኩባያ አሳየሁት። እዚህ የደረሰው ሰው ወረቀት አይመለስም፤ ዕድልህ ከ30 አንድ፣ ከ29 አንድ እያለ እያደገ፣ መጨረሻ ላይ የማይደርሰው የለም። ጌሙ ላይ ግን፣ አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "የወጣው እጣ ተመልሶ ይገባል! አንዱ ሁለቴ የሚደርሰው ለዚህ ነው!"

"የማን እጣ ነው የተመለሰው?" አሉ አንዲት እናት ከሲኒያቸው ቀና ብለው።

ከዚያ በኋላ ማን ይስማ። ኩባያው ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ፣ ጥቅሉ እየተፈታ ስም ተጠራ። 11 ሰው ቀርቶ 10 ወረቀት ሲገኝ ጩኸቱ ጎረቤት ደረሰ። 11ኛዋ በስኳር እጅ ተጠቅልላ ኖሮ ከሌላዋ ጋር ተጣብቃለች።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንተኛው እቁብ ዋስ አለው?"

አንዳንዱ አለው። ጌንሺን ኢምፓክት የሚባለው ጌም ላይ የባለ 5 ኮከቡ፣ የብርቁ ገጸ ባሕርይ ዕድል በአንድ እጣ 0.6 በመቶ ነው፤ እስከ 89ኛው እጣ ካልወጣ 90ኛው ላይ ግዴታ ነው። የፈለግከው ገጸ ባሕርይ ካልሆነ ግን እንደገና መጀመር ነው፤ ክፉ ቀን ከገጠመ 180 ይደርሳል። ስለዚህ ብር ከመክፈል በፊት የዕድል ዝርዝሩን ከፍቶ፣ ዋስትናው ስንተኛው ላይ እንደሆነና እጣው የሚወጣበት ጊዜ ሲያልቅ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለስ እንደሆነ ማየት ነው።

"ዳኛው ማነው?"

"ካምፓኒው።"

"እጣውን የሚያወጣውስ?"

"እሱው።"

"ብሩን የሚይዘው?"

"እሱው ነው፣ እትዬ።"

የልጁ እናት እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉት።